አልሸጥልዎትም ላለኝ የመድኃኒት ባለሙያ

በደብረ ማርቆስ ጤፍ ነጋዴ ነኝ። የመጣለትን ገበያ የሚመልስ ሻጭ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔን ግን አንድ ወጣት የመድኃኒት ባለሙያ መለሰኝ፤ ይህን የምጽፈውም እርሱን ለማመስገን ነው።

ጨጓራና ማይግሬን ለዓመታት ተፈራርቀውብኛል። ግማሽ ራሴን ወጥሮ ሲይዘኝ የወፍጮ ድምፅ አልችል፣ ብርሃን አልችል፤ ያቅለሸልሸኛል። ማስታገሻ ስውጥ ራሴ ቀለል ይልና ከልቤ ሥር ማቃጠል ይጀምራል። ተልባው፣ አብሹ፣ አሲድ መቀነሻው ኦሜፕራዞል ሁሉ ተሞክሯል፤ ጠበሉም አልቀረም። ለራሴ አንድ ዘንድ፣ ለጨጓራዬ ሌላ ዘንድ ስሄድ ሁለቱን አንድ ላይ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

እርሱ ጠየቀ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ስጠኝ ስለው «እናቴ፣ በወር ስንት ቀን ይወስዳሉ?» አለኝ። ስነግረው «ዛሬስ አልሸጥልዎትም» ብሎ መድኃኒቱን ወደ መደርደሪያው መለሰና ወንበር አቀረበልኝ። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀው! ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውን ነገር እንደሚያሳንሱ ነገረኝ። ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ ሲወሰድም ራሱ ራስ ምታት ያመጣል አለኝ። ሰገራዬ ጠቁሮ ወይም ደም አስመልሶኝ እንደሆነ ጠየቀ፤ ይህ ቢኖር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይልከኝ ነበር።

ጨጓራን ለሚያቆስለው ኤች ፓይሎሪ ለሚባል ባክቴሪያ የሰገራ ምርመራ እንዳደርግ መከረኝ፤ ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ስለሚደብቀው 2 ሳምንት አስቀድሜ እንዳቆምም አሳሰበኝ። ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም። ባክቴሪያው ተገኘብኝ፤ ሐኪሙ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና አሲድ መቀነሻ ለ14 ቀን አዘዘልኝ። ወጣቱ ባለሙያ በየካርቶኑ ላይ «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት» ብሎ በእኛው አቆጣጠር ጻፈልኝ። «አፍዎን ይመርርዎታል፤ እንዳያቋርጡ» ያለኝ ባይኖር በመካከል በተውኩት። መድኃኒቱን ከጨረስኩ ከ4 ሳምንት በኋላ ድጋሚ እንድመረመርም አስታወሰኝ፤ ነጻ ሆንኩ።

ማይግሬኑ ግን እንደ ጨጓራው ተጠራርጎ አልሄደም። ሐኪሙ አስም እንደሌለብኝ ጠይቆ ማይግሬን እንዳይነሳ የሚከላከለውን ፕሮፕራኖሎል በየቀኑ እንድወስድ አዘዘኝ፤ ሕመሙ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣል። የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ሳልበላ ስውል ወይም የለመድኩትን ቡና ሳልጠጣ ስቀር ነው። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቴን አማክሬ መፍትሔ አግኝቻለሁ፤ እኔ ከምፈራው ይልቅ የዋህ ነበሩ።

ስሙ እንዳይጻፍ ስለለመነኝ መድኃኒት ቤቱን ማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛበታል፤ ጠዋት ሂዱ። የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁትንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።