ጠባሴ ያለችው ራይተር ቤት፦ የድሮ መዝገብ ለማስነበብ

በሩ ላይ «ማመልከቻ፣ ውል፣ ፎቶ ኮፒ» ይላል እንጂ የድሮ ጽሑፍ እንደሚነበብ የሚናገር ነገር የለም። እኔም ደብረ ብርሃን እየኖርኩ በሰው በሰው ነው የሰማሁት። የወሰድኩት በ1950ዎቹ የተጻፈ የዕድር መዝገብ ነው፤ ስም፣ ሥራ፣ መዋጮ። ቅድመ አያቴ ሥራ በሚለው ዓምድ ስር አንዲት ፊደልና እዝባር አላቸው፤ ቀሪውን እርጥበት በልቶታል።

አክስቴ «ሻምበል ነው፣ ምን ያስጠይቃል!» ብላ ዘግታዋለች።

የሚያነቡት ጋሼ የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ፎቶ ኮፒውን ገና ሲያዩት «ልጄ፣ ዋናውን አምጪ፤ ኮፒ ነጥቡንም ቆሻሻውንም አንድ ያደርገዋል» አሉኝ። ዋናው ሲመጣ በአጉሊ መነጽር የእኔን መስመር ሳይሆን የሌላውን ሰው ሁሉ ማንበብ ጀመሩ። በዚያ መዝገብ «ገ/ሬ» ገበሬ ነው፣ «ነ/ዴ» ነጋዴ፣ «ቀ/ሠ» ቀን ሠራተኛ። «ሻ/ል»፣ «መ/አ» እና «አ/አ» ግን አንዴም ሥራ ስር አልገቡም፤ ማዕረግ ስለሆኑ ከስም በፊት ነው የተጻፉት። ከዚያ ወደ ፊደሏ መጡ። ጸሐፊው «ሻ» ሲጽፍ ቀኝ እግሯን ከመስመር በታች ይጎትታታል፤ የእኛዋ ሁለት እግሯ እኩል ነው። ሸ። ሸማኔ።

አክስቴ እስካሁን አላመነችም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው ቢያውጁም፣ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብ በየቤቱ ሲወርድ የመጣ ነገር ነው።

የአጎቴ ልጅ ባል እንግሊዛዊ ነው፤ እሱም የዘሩን ይቆጥራል። እነሱ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1841 በተደረገው ቆጠራ የእርሻ ቀን ሠራተኛው «አግ ላብ»፣ ወንድ አገልጋይ «ኤም ኤስ»፣ ሴቷ «ኤፍ ኤስ» ተብለው ተሞልተዋል፤ ቆጣሪዎቹ እንዲያሳጥሩ በመመሪያ ተፈቅዶላቸው ነበር። የእኛ ዕድር ጸሐፊ ግን መመሪያው ራሱ ነው። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራችንም የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያረፈ ሰው የሚገኘው እንዲህ ባለው ደብተር ነው። ጋሼ ሙሉውን መዝገብ ካላመጣችሁ አላነብም የሚሉት ጸሐፊው እንዴት እንደሚያሳጥር የሚታወቀው ከራሱ መዝገብ ስለሆነ ይመስለኛል። ልክ ናቸው።

በጣም የወደድኩት ሌላ ነው፦ እርግጠኛ ካልሆኑ አይሞሉም። «መ/ር» የሚል አንድ ቦታ ነበር፤ የቄስ ትምህርት ቤት ይሁን የአስኳላ መምህር ስላልታወቀ እንዳለ ትተው ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረጉ።

ቅሬታዬ የኮምፒዩተሯ ልጅ ላይ ነው። ጋሼ ያስነበቧትን እየተየበች ማሳጠሪያውን ሁሉ በራሷ ዘርዝራ፣ የዕድሩን «አ/አ» አዲስ አበባ አድርጋ አወጣችው፤ አሥር አለቃ ነበር። ቶሎ አስተካከለችው፣ ግን ካላያችሁ ያልፋል። ከማተሟ በፊት እንደ መዝገቡ እንድትጽፍ ንገሯት፤ ትርጉሙ በሌላ ዓምድ ይሁን።

ዋጋው በገጽ ነው፣ ለጽሕፈቱ ብቻ። ለንባቡ ጋሼ የሰጣችኋቸውን ይቀበላሉ፤ እኔ ቡናም ጨመርኩ። ፍርድ ቤት ከክረምት ዕረፍት ሲመለስ ጥቅምት ላይ ግን አትሂዱ፤ ማመልከቻ አስጻፊው በረንዳውን ሞልቶት መዝገብ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ አታገኙም።