መርሶ ወይስ በዛብህ?

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሁለቱን ልቦለዶች አከታትዬ አነበብኳቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ አያስቸግርም፤ ሲወድም ሲሰጋም አብሬው ነኝ።

የፈረንሳዊው ደራሲ የአልበር ካሙ ልቦለድ (1942 እ.ኤ.አ.) ባለታሪክ መርሶ ግን እናቱ ሞታ እንባ የለው። አስከሬኗ አጠገብ ቡና በወተት ጠጣ፣ ሲጋራ አጨሰ፤ በኋላ ሰው ገድሎ ሲከሰስ ፍርድ ቤት ይህንኑ መዘዘበት። እኛ ጋ ልቅሶ ቤት ቡና መጠጣት ነውር አይደለም፤ ነውሩ አለማልቀስ ነው። «ድንጋይ!» ብዬ መጽሐፉን ከደንኩት።

በማግስቱ የቀትር ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስታንጸባርቅ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መርሶ በፀሐይ ታውሮ ባሕር ዳርቻ ላይ ሰው የገደለባት ቀን ትዝ አለችኝ። ፀሐይዋ ግድያውን አታቀልለትም። ግን ሐዘን አስመስሎ አለማልቀሱን፣ እውነት ለመናገር፣ ቀናሁበት። ለጓደኛ የማውሰው በዛብህን ነው፤ ደግሜ የማነበው መርሶን።