በካናል ዱ ሚዲ ብስክሌት ለምትነዱ፦ ካርካሶን ያሉትን ጠጋኝ ሳታገኙ እንዳታልፉ

እግዜር ይስጥልን! ደቡብ ፈረንሳይ፣ ካርካሶን ከተማ ውስጥ አንድ አዛውንት ብስክሌት ጠጋኝ አሉ፤ በአደባባይ ካላመሰገንናቸው ይቆጨናል። ከቱሉዝ ወደ ቤዚየ በካናል ዱ ሚዲ ቦይ ዳር የምትወርዱ ወገኖች፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ጎራ በሉ።

ሌላ ቦታ የኋላ ጎማ በተነፈሰ ቁጥር መፍትሔው አንድ ነው፦ አዲስ ከመነዳሪ፣ ሂሳብ፣ ደህና ሁኑ። የጎማውን ውስጥ የሚዳስስ የለም። ትንሽ እንደተነዳ ያው ይተነፍሳል፣ ያው ይከፈላል። ይባስ ብለው 28 ሚሊ ሜትር ቀጭን ጎማ ያከራዩና "መንገዱ ሜዳ ነው" ይላሉ። ሜዳስ ሜዳ ነው፤ ነገር ግን ከቱሉዝ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ አስፋልቱ ያልቅና ጠጠርና አፈር ይሆናል፣ በቦዩ ዳር የተተከለው የፕላታን ዛፍ ሥርም መሬቱን ገፍቶ ይወጣል። ቀጭን ጎማ የዛፍ ሥር ሲመታ ከመነዳሪው ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ይቆረጠማል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ግን እሾህ ፈልጉ።

እሳቸው ያደረጉትም ይህንኑ ነው። አዲሱን ከመነዳሪ ከማስገባታቸው በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጥጥ አበሱት። አንድ ቦታ ላይ ጥጡ ያዝ አለ። በወረንጦ ሲነቅሉት የኩርንችት ጫፍ! ከውጭ አይታይም፣ ክብደት ሲጫነው ብቻ ይወጋል። አገራችን የምናውቀው ኩርንችት እዚያም በበጋ መንገድ ዳር ይበቅላል። ቀጥለው ራጂዎቹን እንደ ክራር ክር አንድ በአንድ እየነካኩ አዳመጡ፤ የላላው ድምፁ ይወፍራል። ጓዝ ሁሉ የኋላ ፖርቶ መጋላ ላይ ሲከመር ራጂ ይሰብራል ብለው ከባዱን ቦርሳ ወደ ፊት አዛወሩ። ያስከፈሉት የከመነዳሪውን ዋጋ ብቻ! እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

ምክራቸውን እነሆ። ጎማ 40 ሚሊ ሜትር፣ ንፋስ ወደ 3 ባር። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ጥጥና ወረንጦ። የዛፍ ሥር ሲያጋጥም ቀጥ ብሎ ማቋረጥ እንጂ በሰያፍ አይነዳም፤ ከዝናብ በኋላ ያዳልጣል። ሴር የሚባለው ንፋስ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር መውረዱ ይሻላል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በበሽታ የተመቱት ዛፎች ብዙ ስለተቆረጡ ጥላ የሌለው ረጅም ቦታ አለ፤ ውኃ አታሳንሱ።

ከካርካሶን አለፍ ብላ ካለችው ትሬብ በኋላ የሚመጡት የሚነርቭዋ አካባቢ የወይን መንደሮች ናቸው፦ የጥንቱ የወይን ጠጅ ወደብ ኦምስ፣ ቫንተናክ፣ ለ ሶማይ፤ ከዚያም ካፔስታንግ ይመጣል። በ1676 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሬፑድር ድልድይ ቦዩን ራሱን በወንዝ ላይ ያሻግራል፤ ቆም ብላችሁ እዩት። ለ ሶማይ አካባቢ ወደ ናርቦን የሚገነጠለው ቦይ ደግሞ ኦድ ወንዝን ያቋርጣል። ቤዚየ መግቢያ ፎንሰራን ላይ ቁልቁለት ስለሆነ የፍሬን ሸራችሁን ካርካሶን እያላችሁ አስዩ፣ እሳቸው ጋ።

አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀን እንልካለን። ሰኞ ዝግ ናቸው።