ሪስታርት ሲደረግ ለሚጠፋ ዋይፋይ፦ በዩኤስቢ የሚሰካው ወይስ ውስጥ የሚገጠመው ካርድ?

ጎንደር ላይ ኮምፒውተር ሪስታርት የሚያደርገው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ መብራትም ያደርገዋል። አንድ ቀን ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ፒያሳ የገዛኋት ጥፍር የምታክል የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር ድምጿ ጠፋ። ማይ ኮምፒውተርን ብከፍተው የሲዲ ምልክት ተቀምጧል። ዴስክቶፔ ደግሞ ሲዲ ማጫወቻ የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም! ቫይረስ ነው ብዬ ፎርማት አደረግሁት። የጠፋው ፋይሌ ብቻ ነው፤ ሲዲው እንዳለ አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንዳንድ አዳፕተሮች የዊንዶውስ ድራይቨራቸውን (ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያሠራው የሚያደርገውን ፕሮግራም) በሆዳቸው ይዘው ይመጣሉ። ሲሰኩ መጀመሪያ ሲዲ ነኝ ይላሉ፤ ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲዲውን ኢጄክት ሲያደርገው ወደ ዋይፋይነት ይቀየራሉ። ኃይል ሲቋረጥባቸው ግን ወደ ሲዲነታቸው ይመለሳሉ፣ ትእዛዙ እንደገና ካልደረሳቸውም እዚያው ይቀራሉ። ሪልቴክ 8811ሲዩ ቺፕ ያላቸው ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ለማረጋገጥ ዲቫይስ ማኔጀር ገብታችሁ ሃርድዌር አይዲውን (የዕቃውን መለያ ቁጥር) እዩ፦ መጨረሻው 1ኤ2ቢ ከሆነ ገና ሲዲ ነው፣ ሲ811 ከሆነ ዋይፋይ ሆኗል። ቁጥሩ ሲ811 ሆኖ ሳለ ዋይፋዩ እምቢ ካለ ግን ጥፋቱ የድራይቨሩ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ።

ዊንዶውስ ላይ ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርጎ ኢጄክት ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሊኑክስ ላይ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባለው ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 6.2 ወዲህ የዚህ ቺፕ ድራይቨር አብሮ ይመጣል፤ ከሲዲነት ማውጣቱ ግን የድራይቨሩ ሥራ አይደለም።

ሲዲ የማይሆን የዩኤስቢ አዳፕተርም አለ፣ ለዴስክቶፕ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ለሊኑክስ ተጠቃሚ ሚዲያቴክ 7612ዩ ያለበት ጥሩ ነው፤ ከከርነል 4.19 ጀምሮ ድራይቨር ፍለጋ መንከራተት የለም። ካርቶኑን ግን አትመኑ። ቲፒ-ሊንክ ደብልዩኤን722ኤን ቨርዥን 1 የአቴሮስ ቺፕ ነበረው፣ ከቨርዥን 2 ወዲህ ሪልቴክ ሆኗል። ስሙ ያው፣ መልኩ ያው፣ ሆዱ ሌላ።

ውስጥ የሚገጠመው ካርድ ሲዲ ነኝ ብሎ አያታልልም። የኢንቴል ከሆነ አይዲው ውስጥ 8086 የሚል ታገኛላችሁ። ጣጣው ከመግዛቱ በፊት ነው። የቆየ ላፕቶፕ ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለውን ካርድ ይወስዳል፣ አዲሱ ኤም ዶት 2፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የኢንቴል ካርዶቹ ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ201 በአንድ ቁጥር ብቻ ቢለያዩም 201 የሚሠራው ለእሱ በተዘጋጀ የኢንቴል ቦርድ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ላይ ብትሰኩት ኮምፒውተሩ ጭራሽ አያየውም። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ባዮሳቸው (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሣው ፕሮግራም) ከማያውቀው ካርድ ጋር አልነሣም ይላል። ያ ላፕቶፕ ካላችሁ ወደ ዩኤስቢው ተመለሱ።

የአንቴና ገመዶቹንም አደራ። የኤም ዶት 2 ካርድ ላይ ያለችው መሰኪያ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አትበልጥም፤ በጥፍር ቀጥ አድርጎ ሲጫኗት ቀጭ ትላለች። አጋድሞ የሚጫን ሠራተኛ ካያችሁ እጁን ያዙት። ያለ አንቴና የተገጠመ ካርድ ራውተሩ አጠገብ ሲሆን ይሠራል፣ ጓዳ ሲገባ ይጠፋል።

ውስጥ ያለው ካርድም አልፎ አልፎ ከተነሣ በኋላ ይሰወራል። አንዱ ምክንያት የዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ ነው፤ ሻት ዳውን ስትሉት የሲስተሙን ከፊል አስተኝቶ ያስቀምጠዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። ሺፍትን ተጭናችሁ ሻት ዳውን በሉት፣ ያኔ ከልቡ ይዘጋል።

እንግዲህ የሚከፈት ላፕቶፕ ላለው ውስጥ የሚገጠመውን፣ ዴስክቶፕ ላለው ሲዲ የማይሆነውን ዩኤስቢ እላለሁ። የትኛውንም ብትገዙ ሱቁ ውስጥ ይሞከር፣ ኮምፒውተሩ ይጥፋ፣ ገመዱ ከሶኬት ይነቀል፣ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪው ከወጣ ይውጣ፣ ከዚያ ይነሣ። ነጋዴው «ቅድም ሠርቶልህ የለ እንዴ?» ብሎ ፊቱን ቢያጠቁርም ሁለቴ አስደርጉት። ብሩ እስከዚያ ኪሳችሁ ይቆይ።

ዛሬ ኢንተርኔት የግድ ካስፈለጋችሁ ደግሞ አንድሮይድ ስልካችሁን ከዋይፋዩ ጋር አገናኝታችሁ በቻርጀሩ ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩትና ዩኤስቢ ቴዘሪንግን (ስልኩ ኢንተርኔቱን በገመድ ለኮምፒውተሩ የሚያካፍልበትን) አብሩ። የጎደለውን ድራይቨርም በዚያው ታወርዳላችሁ።