የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሶችን በዝርዝር መሸምደድ ወይስ በዓረፍተ ነገር መለማመድ?

እዚህ ጅማ ለፈተና ስንዘጋጅ እንደ «ጌት አፕ» (መነሳት) እና «ጌት ኦን» (መሳፈር) ያሉትን ሐረጋዊ ግሶች፣ ማለትም ግስ ከሌላ አጭር ቃል ጋር ተጣምሮ የራሱ ፍቺ የሚይዝባቸውን፣ በዋናው ግስ ሥር ደርድረን እንሸመድድ ነበር፤ መንገዱ ፈጣን ቢሆንም፣ የእኛው «ብድግ አለ» ፍቺ «አለ» ከሚለው ግስ ብቻ እንደማይገኝ ሁሉ፣ የእነዚህም ፍቺ ከ«ጌት» ስለማይገመት ቶሎ ይምታታል።

በዓረፍተ ነገር መለማመድ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ዝርዝሩ የሚሸሽገውን ያሳያል። ከአጋሮ መጥተን መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስንወርድ «ጌት ኦፍ»፣ ከቤት መኪና ስንወርድ ግን «ጌት አውት ኦፍ» እንላለን። መብራት ስናጠፋ «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ማለት ይቻላል፤ «ላይት» በተውላጠ ስም ሲተካ ግን ተውላጠ ስሙ የግድ መሃል ገብቶ «ተርን ኢት ኦፍ» ይሆናል። እኔ ዝርዝሩን ለክለሳ፣ ያውም ለፈተና ዋዜማ ብቻ፣ አስቀምጠዋለሁ።