ፋይተርዝ፣ ካካሮት ወይስ ስፓርኪንግ ዜሮ? የድራጎን ቦል ጌም ለሚገዛ ሰው

ድራጎን ቦል ከተባለው የጃፓን አኒሜ (ካርቱን) የተሠራ ጌም ልግዛ ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚጋባው በብዛቱ ነው። ሽፋኑ ላይ ሁሌም ዋናው ጀግና ጎኩ አለ። አሳታሚው ብዙውን ጊዜ ባንዳይ ናምኮ ነው። ውስጣቸው ግን በጣም ይለያያል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያማርጣቸውን ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው፦ በ2018 የወጣውን ፋይተርዝ፣ በ2020 የወጣውን ካካሮትና በ2024 የወጣውን ስፓርኪንግ ዜሮ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። እነዚህን ጌሞች በግራፊክስ ወይም በካራክተር ብዛት የሚመርጥ ሰው ኋላ ይቆጨዋል። ዋናው ጥያቄ ስትጫወቱ አጠገባችሁ ማን ይቀመጣል የሚለው ነው። ወንድም፣ እህት፣ ጓደኛ? ወይስ ማታ ማታ ብቻችሁን?

ከአዲሱ ልጀምር፤ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነውና። ስፓርኪንግ ዜሮ የወጣው ኦክቶበር 11 ቀን 2024 ነው። ድራጎን ቦል ዳይማ የተሰኘው አኒሜም ጃፓን ውስጥ መታየት የጀመረው በዚያው ቀን ነበር። የድራጎን ቦል ደራሲ አኪራ ቶሪያማ ያረፈው በዚያው ዓመት ማርች 1 ስለሆነ፣ ያ ሰሞን ለእኛ ለአድናቂዎቹ ሐዘንና ደስታ የተደባለቀበት ነበር። ጌሙ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ቢሸጥም አይገርምም። ከዚህ በፊት የነበረው የዚሁ ተከታታይ ትልቁ ክፍል ቡዶካይ ቴንካይቺ 3 የወጣው በ2007 ነው። ሰው 17 ዓመት ጠብቋል።

ሲወጣ 182 ካራክተሮች ነበሩት። ይህን ቁጥር ግን በልኩ እንየው። ትልቁ ድርሻ ያው ሰው መልኩን እየቀየረ ነው፤ ጎኩ ብቻውን ረጅም ሰልፍ ይይዛል። እንደዚያም ሆኖ የሚሰጠው ደስታ እውነተኛ ነው። ካሜራው ከጀርባችሁ ነው። ትበራላችሁ፣ ተራራ ትንዳላችሁ፣ ውጊያው መሃል ላይ ትራንስፎርም ታደርጋላችሁ። ስቶሪውን በስምንት ካራክተሮች ዓይን ታዩታላችሁ፤ በየመሃሉም ታሪኩ ይገነጠላል። ለምሳሌ ጎኩ ከወንድሙ ከራዲትዝ ጋር በሚያደርገው የመጀመሪያ ውጊያ የማይሞትበት መንገድ አለ። አኒሜውን እያየን «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ስንል ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው ክብደቱ። የጎኩ ተቀናቃኝ ቬጂታ ወደ ግዙፍ ዝንጀሮነት የሚቀየርበት ውጊያ ጌሙን ገና እየለመዳችሁ ሳለ ይመጣል፤ ብዙ ተጫዋች እዚያ ጋ ተስፋ ቆርጧል። ሠሪዎቹም ኋላ በአፕዴት አቅልለውታል። ሁለተኛው ለኔ ይበልጥ ከባድ ነው። ሲወጣ ሁለት ሰው በአንድ ቴሌቪዥን መጫወት የሚችለው በአንድ ሜዳ ብቻ ነበር፤ ያውም ምንም በሌለበት ነጭ ክፍል ውስጥ። ስክሪኑም ለሁለት ይከፈላል። ተራራው፣ ከተማው፣ ባሕሩ ሁሉ የጌሙ ውበት ሆኖ ሳለ፣ ጓደኛችሁ ሲመጣ ግማሽ ስክሪን ላይ ባዶ ቦታ ውስጥ መጋጠም ያበሽቃል።

ፋይተርዝ እዚህ ላይ ነው የሚበልጠው። የሠራው አርክ ሲስተም ዎርክስ ነው፤ ጊልቲ ጊርን የሠራው ድርጅት ማለት ነው። ካራክተሮቹ 3ዲ ሞዴሎች ናቸው፤ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ የሳላቸው ይመስላሉ። ስምንት ዓመት አልፎት እንኳ ከአዲሶቹ አጠገብ ሲቀመጥ አያፍርም። ውጊያው ከጎን የሚታይ፣ በየሰው ሦስት ካራክተር፣ ሦስት ለሦስት ነው። ሁለታችሁም አንድ ሙሉ ስክሪን ታያላችሁ። ተመልካቹም ያያል። ጌም ቤት ውስጥ ከኋላ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ምን እየሆነ እንዳለ ወዲያው ይገባዋል።

ለጀማሪ አይከብድም። አንድ ቁልፍ ደጋግሞ የሚመታ ሰው እንኳ ቆንጆ ኮምቦ (ተከታታይ ምት) ይወጣለታል። ውስጡ ግን ጥልቅ ነው። ኢቮ በተባለው የፋይቲንግ ጌሞች ውድድር በ2018 አሜሪካዊው ሶኒክፎክስ ጃፓናዊውን ጎ ዋንን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዓመቱ ጎ ዋን ተመልሶ በዚያው መድረክ ብድሩን መለሰ። ያን ግጥሚያ ያየ ሰው ጌሙ የልጆች መጫወቻ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል።

አንድ ነገር በደንብ ላሳያችሁ። ስትጫወቱ ታች ላይ ምኞት የሚያስፈጽሙት ሰባቱ ድራጎን ቦሎች (ኳሶች) የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ። የተወሰኑ ኮምቦዎችን ስትሠሩ አንድ ኳስ ይገባል። ኳሶቹ ግን የማንም አይደሉም፤ እናንተ የሰበሰባችሁትም ጓደኛችሁ የሰበሰበውም አንድ ላይ ይቆጠራል። ሰባቱ ሲሞሉ፣ ኃይሉን እስከ ጫፍ ሞልቶ ትክክለኛውን ኮምቦ ቀድሞ የሠራ ሰው ዘንዶውን ሸንሮንን ይጠራል። ሰማዩ ይጨልማል፣ ዘንዶው ይወጣል፣ ምኞት ይጠይቃል። ደሜን መልስልኝ ማለት ይቻላል። የሞተ ጓደኛዬን አስነሳልኝ ማለትም ይቻላል። ሊሸነፍ አንድ ምት የቀረው ሰው በዚህ ተነስቶ ሲያሸንፍ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ጩኸት ሌላ ነው። የጎኩ ልጅ ወጣቱ ጎሃን ጠላቱን ሴልን በተገቢው ሜዳ በከባድ ምት ሲጨርስ ደግሞ የአባትና የልጁ ካሜሃሜሃ (ከእጅ የሚወጣው የኃይል ጨረር) ልክ አኒሜው ላይ እንዳለው ይመጣል። ሠሪዎቹ ታሪኩን ምን ያህል እንደሚወዱት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ስቶሪ ሞዱ ግን ደካማ ነው። የካራክተሮቹ ኮፒ ከሆኑ አንድ ዓይነት ጠላቶች ጋር ደጋግማችሁ ትዋጋላችሁ፤ ቶሎ ይሰለቻል። ለስቶሪ ብላችሁ አትግዙት። ካራክተሮቹም ሁሉም አብረው አይመጡም። 24ቱ ከጌሙ ጋር ናቸው፤ ሌሎቹ 20ዎቹ ለብቻቸው ይሸጣሉ።

ለስቶሪ ካካሮት አለ። የሠራው ሳይበርኮኔክት 2 ነው፤ የናሩቶ ስቶርም ጌሞችን የምታውቁ እጁን ትለዩታላችሁ። ራዲትዝ ከመጣበት ቀን እስከ መጨረሻው ጠላት እስከ ማጂን ቡ ፍጻሜ ድረስ ታሪኩን እየኖራችሁ ትሄዳላችሁ። ታሪኩ የተወሰደበት አኒሜ ድራጎን ቦል ዚ 291 ክፍል ነው፤ ያን ሁሉ ቁጭ ብሎ ለማየት ጊዜ ለሌለው ሰው ይህ ጥሩ መግቢያ ነው።

እኔ የምወደው ግን ውጊያውን አይደለም። በውጊያዎቹ መሃል ያለውን እረፍት ነው። ጎኩ የውሸት ጭራ ያጠልቅና ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ ያጠምዳል። ዓሣውን ለሚስቱ ለቺቺ ትወስዱላታላችሁ፣ እሷ ታበስላለች፣ ምግቡም ጉልበት ይጨምራል። ጎኩና ፒኮሎ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተቸገሩበት ታሪክ ትዝ ይላችሁ የለ? እሱም አለ። ይህን አኒሜ የምንወደው ለጡጫው ብቻ እንዳልሆነ የገባው ጌም ከሦስቱ ይሄ ብቻ ይመስለኛል።

ብቻውን ለሚጫወት ነው እንጂ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚጋጠምበት ሞድ የለውም። ለእህት ወንድም ብላችሁ ካካሮትን ከገዛችሁ አንዱ ተጫዋች ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። የጎን ሥራዎቹም «ይህን ፈልገህ አምጣልኝ» የሚል ዓይነት ይበዛባቸዋል። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትሄዱ መጠበቁ ረዘም ይላል፤ በ2023 የወጣው የፕሌይስቴሽን 5 ቅጂ ግን ፈጣን ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ስፓርኪንግ ዜሮ ለዚያ ኮንሶል አልተሠራም። ፋይተርዝና ካካሮት ግን የፕሌይስቴሽን 4 ቅጂ አላቸው፣ በኋላ 5ኛውን ብትገዙም ተጨማሪ ሳትከፍሉ ወደ አዲሱ ቅጂ ያልፋሉ። ሲወጡ የሁለቱ ዋጋ 60 ዶላር፣ የስፓርኪንግ ዜሮ 70 ዶላር ነበር። ኮምፒውተር ላይ የምትጫወቱ ከሆነ የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ቅናሽ እስኪያደርግ ታገሱ። ፋይተርዝ ያኔ እስከ 10 ዶላር አካባቢ ይወርዳል።

ኦንላይን ለመጫወት ካሰባችሁ የፋይተርዝን የፕሌይስቴሽን 5 ወይም የኮምፒውተር ቅጂ ምረጡ። ኢንተርኔቱ ሲዘገይ የተቃዋሚያችሁን እንቅስቃሴ ቀድሞ እየገመተ ውጊያው እንዳይቆራረጥ የሚያደርገው ሮልባክ የገባው በእነዚህና በአዲሱ ኤክስቦክስ ላይ ነው። የፕሌይስቴሽን 4ቱ ይህ የለውም። ሮልባክ ቢኖርም ርቀት ርቀት ነው፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ አሜሪካ ካለ ሰው ጋር መጋጠም አሁንም ይከብዳል።

የመጨረሻው ነገር ዲስክ ለምታስመጡ ነው። ኢትዮጵያ የራሷ የፕሌይስቴሽን ስቶር ስለሌላት፣ ሰው አካውንቱን በሌላ አገር ስም ይከፍታል። ዲስኩን ደግሞ ዘመድ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ይልካል። ጌሙ ራሱ የትም ይሠራል። በኋላ የምትገዟቸው ተጨማሪ ካራክተሮች ግን የሚሠሩት የዲስኩና የአካውንቱ ክልል ሲገጥም ነው። የስጦታ ካርዱም እንዲሁ ከአካውንቱ አገር ጋር መግጠም አለበት። በተለይ ፋይተርዝን ስታስመጡ፣ ዘመዳችሁ ሱቅ ከመግባቱ በፊት አካውንታችሁ የየት አገር እንደሆነ ንገሩት።