ጥርሳችሁን አስሞርዳችሁ ፈርጥ ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ ቆም በሉ

ጥር መጣ፣ ሠርጉም ሊጧጧፍ ነው። ባህር ዳርም ደብረ ማርቆስም «የሙሽራ ፓኬጅ» እያሉ ክራውን (የተሞረደ ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ ሽፋን) ላይ ፈርጥ የሚያስገቡ ሰዎች ቲክቶኩን ሞልተውታል። ጥርስ ማስጌጥ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ድዳቸውን ተነቅሰዋል፣ ወርቅ ጥርስም ድሮ የነበረ ነው። ማጌጡን አልቃወምም፤ ፎቶ ላይ ያምራል፣ እሱን አልክድም። የምቃወመው ጤነኛ ጥርስ ሞርዶ ብርጭቆ መሸጥን ነው።

የአክስቴን ልጅ ያገኛት ይኸው ነው። የፊት ጥርሷ እንከን አልነበረውም። ከአንድ የውበት ሳሎን ጀርባ ባለች ክፍል የሚሠራ ሰው «18 ካራት ወርቅ፣ ላዩ ላይ የወሎ ኦፓል» ብሎ 14 ሺህ ብር ተቀበላት። በአፉ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነው። «ትንሽ ነው የምነካው» ብሎ ጥርሷን ሞርዶ ሞርዶ ጉቶ አስመሰለው። አንድ ግራም ወርቅ ዛሬ ስንት እንደገባ እያወቅን በዚህ ዋጋ ወርቅም ኦፓልም ከየት ይመጣል?

ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩ ቀለሙን ጣለ። ቡናማ ሆነ። በኋላ ቆሎ ስትቆረጥም ክራውኑ ራሱ ወለቀ። እጄ ላይ አድርጌ አየሁት። ጠርዙ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ውስጡ የሱፐር ግሉ ፍርፋሪ አለ። ሽታው አይወራም። ከሥሩ የቀረው ጥርስ አንገቱ ላይ ጠቁሯል። ስልክ ስትደውል ቁጥሩ አይሠራም፤ ደረሰኝም የለም።

ኦፓሉ እውነተኛ ቢሆን እንኳ አፍ ውስጥ ቦታ የለውም። የወሎው፣ ደላንታ የሚወጣው ኦፓል ውሃ የሚመጥ ድንጋይ ነው። ውሃ ሲጠጣ የሚያምረው ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የቡናውንና የወጡን ቀለም ይዞ ይቀራል፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበትም ሊሰነጠቅ ይችላል። ብዙዎቹ «አልማዝ» የሚሏቸው ደግሞ ከጀርባቸው በቀጭን መስታወት መሰል ሽፋን የተለበጡ ብርጭቆዎች ናቸው። ምራቅ ሲገባባቸው ሽፋኑ ይጠቁርና ብልጭታው ይሞታል። እውነተኛ አልማዝ ከሆነም ማኘኪያው ላይ መሆን የለበትም፤ ከጥርስ እጅግ ስለሚጠነክር ከፊት ለፊቱ ያለውን ጥርስ ይፍቃል።

ዋናው ጉዳት ግን ጥርሱ ላይ ነው። ክራውን ለማስገባት ጥርስ እንደ ክራውኑ ዓይነት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሞረዳል። የተሞረደ ኢናሜል (ጠንካራው የጥርስ የላይኛው ሽፋን) ተመልሶ አይበቅልም። ዕድሜ ልክ ክራውን ስትቀያይሩ ልትኖሩ ነው። ለዚህ ነው ክራውን ለተሰበረ፣ ክፉኛ ለተበላ ወይም ነርቩ ለታከመ ጥርስ የሚሠራው። ነጩን የሴራሚክ ክራውን ለፈርጥ ብሎ መብሳትም ያዳክመዋል፤ ስንጥቁ ከዚያች ቀዳዳ ይጀምራል። የፈርጡ ዙሪያ ደግሞ ምግብ ይይዛል።

በሌላ ምክንያት ክራውን የግድ ካስፈለጋችሁና ፈርጥ ካማራችሁ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራ አብሮ ይቀመጥ። ጥርሳችሁ ጤነኛ ከሆነ ግን አታስነኩት። ፈቃድ ያለው የጥርስ ሐኪም ትንሽ ፈርጥ በጥርስ ማጣበቂያ ሳይሞርድ ሊለጥፍላችሁ ይችላል። ከወራት በኋላ ሊወልቅ ይችላል፣ ይውለቅ፤ ጥርሳችሁ አለ። የሚሠራላችሁ ሰው የሙያ ፈቃዱን ያሳያችሁ። ካራቱንና የድንጋዩን ዓይነት ደረሰኝ ላይ ይጻፍላችሁ። «እመኑኝ» ካለ ቀብድ ሳትሰጡ ውጡ።

ያስገባችሁ ካላችሁ፦ ቀዝቃዛ ሲነካው የሚጠዘጥዛችሁ፣ ድዳችሁ የሚደማ ወይም የሚሸት ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ። በፒንሳ አትንቀሉት። ከወለቀም በሱፐር ግሉ አትመልሱት፤ በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁት ሂዱ፣ ሐኪሙ ከምን እንደተሠራ ይየው።